የጠሪ መልካ የመጨረሻው ክረምት

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ይመኙሻል ከአገር ቤት ልትጠይቀን መጣች። እኔ የምኖረው ኦክላንድ ነው። ቤቴ አንዲት ክፍል ስለሆነች እንግዳዋን ሳን ሆዜ ልጄ ቤት አሳረፍናት፤ እኔም አብሬያት አደርኩ። አማቼ ደረጀ፣ "አታስቡ፣ ኤር ማትረስ ገዝቻለሁ" ብሎ ያንን በኤሌክትሪክ የሚነፋ ፍራሽ ሳሎን ውስጥ ዘረጋላት። ሲነፋ ከአልጋ አይተናነስም። ጠዋት ስንነሳ ግን ይመኙሻል ወለሉ ላይ ናት፤ ፍራሹ እንደ ባዶ ጆንያ ከሥሯ ተነጥፏል።

"እትዬ ዘነቡ፣ አሜሪካ እንግዳ የሚያስተኛው እንዲህ ነው?" አለችኝ ወገቧን ይዛ።

ደረጀ አፈረ። "ዛሬውኑ ሱቁ ወስጄ ሪተርን አደርገዋለሁ" አለ። የልጅ ልጄ ሜሮን ደግሞ ስልኳን አወጣችና ቀዳዳ እንዴት እንደሚፈለግ ታይ ጀመር። ሳሙና ቀቡት፣ ውሃ ረጩበት፣ ምንም የለም።

"እስቲ መልሳችሁ ንፉት" አልኳቸው። ነፉት። ተንበርክኬ ጉንጬን ለጠፍኩበትና ከራስጌው ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደ ግርጌው ሄድኩ። ስፌቱ አጠገብ ስደርስ ጉንጬን ቀዝቀዝ አለኝ። ትንፋሽ ናት፤ ከመርፌ ቀዳዳ የማትበልጥ።

"እዚህ ጋ ነው።"

"ሀው ዲድ ዩ ዱ ዛት?" አለች ሜሮን። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው።

ጉንጬ ከዚያ ፕላስቲክ ላይ ሳይነሳ የቅባኑግና የእርጥብ ቆዳ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ሳሎኑ ውስጥ ቅባኑግም ቆዳም አልነበረም።

ይመኙሻል ግን ገባት። "አባባ ይርሳው እንዲህ ነበር አሉ የሚያደርጉት፣ አይደል?" አለችኝ። እሷ መልካውን አታውቀውም። የተወለደችው በዚያ በመጨረሻው ክረምት ቢሆንም ነፍስ ስታውቅ መንደሩ ቀርቷል። "ንገሪኝ እስቲ፣ እናቴ ስታወራው ሁልጊዜ ታለቅስና ታቋርጠዋለች" አለች። እኔ አላለቀስኩም፤ ነገርኳት፤ ሜሮንም አጠገባችን ቁጭ ብላ ሰማች። አሁን ደግሞ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። ፊደል የለየሁት ካረጀሁ በኋላ፣ እዚሁ ኦክላንድ ከሰንበቴ ሴቶች ጋር ነውና ወሬዬ እዚህም እዚያም ቢረግጥ ታገሡኝ።

ጠሪ መልካ ከተማ አልነበረም፤ መንደር ማለትም ይበዛበታል። ከወንዙ ከፍ ብሎ ሸንተረሩ ላይ የተበታተኑ ጎጆዎች፣ አንድ ትልቅ ሾላ፣ ከሾላው ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠሉ አቁማዳዎች፤ በቃ። ገበያው ማዶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ፣ ወፍጮው ማዶ። እኛ ጋ ያለው ወንዙ ብቻ ነው። ወንዙም እንደ ማንኛውም ወንዝ ስም ነበረው፤ እኛ ግን በስሙ አንጠራውም። "ውሃው" ነው የምንለው። ውሃው ሞላ፣ ውሃው ጎደለ፣ ውሃው ዛሬ ተቆጥቷል።

መንደሩን የመሠረቱት የአባባ አያት ናቸው ይባላል። ጨው በበቅሎ ጭነው ሲመጡ ውሃው ሞልቶ ደረሱ። ነገ ይጎድላል ብለው ተቀመጡ። አልጎደለም። ዳስ ቀለሱ። ዝናቡ ዳሱን አልፎ ጨዉን አሟሟው። ውሃው ሲጎድል እንግዲህ የሚሸጡት ነገር የለ፣ ማዶ ሄደው ምን ያደርጋሉ? እዚያው ቁጭ እንዳሉ ሌላ መንገደኛ መጥቶ "አሻግሩኝ" አላቸው። አሻገሩት። በማግሥቱም ሌላ መጣ።

"ሌላው አገር በጦር ይቆረቆራል፣ በገበያ ይቆረቆራል፣ በታቦት ይቆረቆራል" ይሉ ነበር አባባ፣ "እኛ የተቆረቆርነው በመጠበቅ ነው።"

አባባ ይርሳው የእናቴ አባት ናቸው። የመልካው አለቃ እሳቸው ነበሩ። አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ፣ እግራቸው ከውሃ ብዛት ነጭ የሆነ ሰው። የፍየል አቁማዳዎችን ይነፉና አንገታቸውን በጠፍር ያስራሉ፤ ጎን ለጎን ያጋድሟቸውና ከላያቸው እንጨት ይረበርባሉ። ርብራብ ነው የምንለው። መንገደኛው ከነጓዙ ርብራቡ ላይ ይቀመጣል፤ ዋናተኞቹ ዙሪያውን ይዘው እየዋኙ ይገፉታል። ሙሽራ በርብራብ፣ እህል በርብራብ፣ ክርስትና የሚነሳ ሕፃን በርብራብ። ሬሳም በርብራብ ነው ለቀብር የሚሻገረው። አንድ ቄስ ነበሩ፣ ውሃ በጣም የሚፈሩ፤ ርብራቡ ላይ ሲወጡ ዳዊት ይጀምራሉ፤ ማዶ ሲደርሱ የትኛው መዝሙር ላይ እንደቆሙ ተሰምቶ የውሃው ፍጥነት በዚያ ይለካል።

የኔ ሥራ ጉንጭ ነበር። እውነቴን ነው። አቁማዳዎቹ ከተነፉ በኋላ አንድ ባንድ ጉንጬን እየለጠፍኩ ትንፋሽ የሚያወጣውን፣ በእኛ አነጋገር 'የሚተነፍሰውን'፣ እለያለሁ። አባባ ራሳቸው ያደርጉት ነበር፤ ጢማቸው ሲሸብት ሲሸብት ጉንጫቸው ደነደነና ለኔ ሰጡኝ። "የሕፃን ጉንጭ አይዋሽም" ይሉኛል። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ በእሾህና በሰም እንደፍነዋለን። ቀጥሎ ቅባኑግ ነው። እጄ፣ ቀሚሴ፣ ጸጉሬ ሁሉ ቅባኑግ ቅባኑግ ይሸት ነበር። ማዶ ገበያ ስንሄድ የሌላ አገር ልጆች "የአቁማዳ ልጅ መጣች!" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ማዕረግ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ አልፋለሁ።

በበጋ፣ ውሃው ዝቅ ሲል፣ ከማዶ "አሻጋሪ ሆይ!" ብሎ የጠራ ይሰማል፤ የመልካው ስም ጠሪ የተባለውም ለዚህ ነው። በክረምት ግን የውሃው ጩኸት ጆሮ ይደፍናል። ስለዚህ የምንነጋገረው በነጠላ ነው። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ የቆመች ሴት "ደህና ነን" ማለቷ ነው። ወገቧ ላይ ካሰረችው "ኑ፣ ተፈልጋችኋል" ነው። ዘቅዝቃ ከለበሰችው ሞት አለ። ይህን የማያውቅ ልጅ መንደራችን አልነበረም።

በዚያ ክረምት እናቴ ጠዋት ጠዋት ወንዙ ዳር የምትወርደው ለዚህ ነው። ታላቅ እህቴ ታደለች ማዶ ዳገቱ ላይ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። በአገራችን የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። ዝናብ ሳይገባ መሻገር ነበረባት፤ አማቷ ግን "ቤቱን የሚይዝልኝ የለም፣ ትንሽ ትቆይ" አለች፤ ትንሽ ስትቆይ ውሃው ቀድሞ መጣ። ከዚያ ወዲያ እናትና ልጅ በየጠዋቱ ፊት ለፊት ቆመው ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይተያያሉ። የታደለች ሆድ ከማዶ ሆኖ ሲታይ እንኳ በየሳምንቱ ይጨምር ነበር። "ልጁ ለኛ እጁን ሊዘረጋ ነው" እላለሁ እኔ፤ እናቴ አትስቅም።

አባቴን አላውቀውም። ዋናተኛ ነበር፤ እኔ ሳልወለድ፣ በእንዲህ ያለ ክረምት፣ ውሃው ወሰደው። በእኛ መንደር ይህ የሚገርም ወሬ አይደለም። በየቤቱ አንድ አለ።

የድልድዩ ወሬ የመጣው ከዚያ ቀደም ብሎ በበጋ ነው። ከኛ በላይ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ያህል ሽቅብ ተሂዶ፣ መንግሥት ድልድይ እየሠራ ነው ተባለ። "ድልድዩ እየመጣ ነው" ይላሉ ሰዎች። እኔ እንግዲህ ድልድይ አይቼ አላውቅም። ከላይ የሚመጣ ነገር ሁሉ የሚመጣልን በውሃው ነው፤ ግንድ፣ የሞተ ከብት፣ አንዴ እንዲያውም በሩ የተዘጋ የዶሮ ቆጥ ከነዶሮው። ስለዚህ ድልድዩም ውሃው ሲሞላ ተንሳፍፎ ይመጣል ብዬ እየወጣሁ ሾላው ሥር እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ከነሥሩ የተነቀለ ትልቅ ዋርካ እየተገለባበጠ ሲወርድ አየሁና ጮህኩ፦

"ድልድዩ መጣ! አባባ ድልድዩ መጣ! ኧረ አልፎን ሄደ!"

ዋናተኞቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ጓንጉል የሚባል ቀልደኛ ነበር፤ ረጅም፣ ጥርሱ ፍንጭት። "ሩጪ ዘነቡ፣ ያዥው፣ ሳይሻገርብን!" ይለኛል። አባባ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ስለ ድልድዩ ሲጨነቅ ጓንጉል "ምን አስጨነቃችሁ፣ አልፎን ሄዷል እኮ፤ ዘነቡ አይታለች" ይል ነበር።

ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ውሃው እየሞላ መንገደኛ እየቀነሰ መጣ። ድሮ በዚያ ወቅት ሾላው ሥር ሰው ቁጭ ብሎ ውሃው እስኪበርድ ሲጠብቅ ይውላል፤ ቆሎ ይበላል፣ ይጨቃጨቃል፣ ሰርግ ይጠራራል። አሁን ባዶ ሆነ። ነጋዴው "ድልድዩ ሊያልቅ ነው፣ ልጠብቀው" እያለ እዚያው ድልድዩ ጋ ሰፈረ።

አንድ እሑድ አባባ ሰውን ሁሉ ሾላው ሥር ሰበሰቡ። ሴቱም፣ ወንዱም፣ ልጁም መጣ።

"ይህ መንደር የቆመው በመሻገር ነው" አሉ። "ድልድይ ሰው ያሻግር ይሆናል።"

"ቀልድ ግን አያውቅም!" አለ ጓንጉል ከኋላ።

"ዝም በል አንተ። እንግዲህ የኛ ሰው ራሱ በድልድይ ከሄደ፣ ሌላው ለምን ወደኛ ይመጣል? ስለዚህ ስሙኝ። በዚያ ድልድይ ላይ እግሩን ያሳረፈ የጠሪ መልካ ሰው፣ ቀብሬ ላይ አይቁም!"

ይህ ከባድ ቃል ነው። በአገራችን ሰው ሌላውን ከዚህ የከፋ የሚያስርበት ነገር የለውም። ሁሉም "አሜን" አለ። እኔም ጮክ ብዬ "አሜን!" አልኩ፤ ጩኸት ደስ ይለኛል። ቀና ብዬ እናቴን ሳያት አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ጥርሷን አሟት መሰለኝ። "እማዬ፣ ቅርንፉድ ላምጣልሽ?" አልኳት በጆሮዋ። ራሴን ደባበሰችኝ።

ነሐሴ ገባ። ውሃው የቡና አተላ መስሎ፣ ከዳር እስከ ዳር ግንድ እያንከባለለ ይወርድ ጀመር። አንድ ጠዋት ከእናቴ ጋር ወንዙ ዳር ስንወርድ ማዶ ታደለች የለችም። የቆመችው አማቷ ናት። ነጠላዋ ወገቧ ላይ ታስሯል። እንዳየችን በሁለት እጇ ነጠላውን ይዛ እንደገና ጠበቅ አደረገችው፤ እንዳንሳሳት።

ምጥ ነው። ምጥ ብቻ ቢሆን ደግሞ አማቷ ምጥ የያዛትን ትታ አትወርድም፤ ነገሩ ከብዷል።

እናቴ እየሮጠች ሽቅብ ወጣች። አባባ ቀድመው አይተዋል፤ አቁማዳ ሲነፉ ደረስን። ዋናተኞቹ ተሰብስበው ቆመዋል፤ ጓንጉል እንኳ አይናገርም። ጉንጬን እየለጠፍኩ ለየሁላቸው። አባባ አንዱን ብቻ ይዘው ወደ ውሃው ወረዱና ረጅም ጊዜ አዩት። አንድ ግንድ አለፈ። ሌላ ግንድ አለፈ። ቀጥሎ ሁለት ተያይዘው አለፉ።

ተመልሰው መጡና፣ "ዛሬ ሰው አይቀበልም" አሉ።

"እኔን ብቻ" አለች እናቴ።

"ባልሽም እኔን ብቻ ብሎ ነው የገባው።"

እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ወገቧ ላይ አሰረችው።

"እንግዲያው በድልድዩ እሄዳለሁ።"

አባባ መሬት መሬት አዩ። "ቃሌን ሰምተሻል" አሉ በመጨረሻ።

"ሰምቻለሁ አባቴ። የልጄ ቀብር ላይ ከምቆም፣ የእርስዎ ቀብር ላይ ባልቆም ይሻለኛል።"

ይህን ያለችው ሳትጮህ ነው። ጨው አቀብሉኝ እንደምትል ዓይነት። እጄን ያዘችኝና ወጣን። ለምን እኔን እንደወሰደችኝ አላውቅም፤ ብቻዋን መሄድ ፈርታ ይሆናል።

መንገዱ ሽቅብ ሽቅብ ነው፤ ጭቃው እግር ይይዛል። ዞር ስል አባባ ከሩቅ ይከተሉናል። የተነፋ አቁማዳ በጀርባቸው አዝለዋል። ስንቆም ይቆማሉ፤ ስንሄድ ይሄዳሉ። "እማዬ፣ አባባ ለምን አይደርሱብንም?" አልኳት። "እየደረሱ ነው" አለችኝ ወደ ኋላ ሳትዞር።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። እኔ የጠበቅሁት እንደ ርብራብ ያለ፣ ግን በጣም ትልቅ ነገር ነበር። ያየሁት ግን ግራጫ፣ ቀጥ ያለ፣ ዝም ያለ ነገር ነው። አዲስ ሲሚንቶ ይሸታል፣ እንደ አመድ፣ እንደ ደረቅ ነገር። መግቢያው በእሾህ ቅርንጫፍ ታጥሯል፤ ካፖርት የለበሰ ዘበኛ አጠገቡ ቆሟል።

"ማለፍ አይቻልም እትዬ።"

"ለምን?"

"አልተመረቀም። ትልቅ ሰው መጥቶ ሪባኑን ሳይቆርጥ ዝንብ አታልፍም ተብያለሁ።"

"ዝንቧ ትጠብቅ። ምጥ አይጠብቅም።"

"እኔ ታዛዥ ነኝ፣ እትዬ፣ ምን ላድርግ?"

እናቴ ልትለምነው ጎንበስ ስትል አባባ ደረሱ። ዘበኛው አያቸውና ዓይኑን አጠበበ።

"አባባ ይርሳው? እርስዎ ነዎት እንዴ? የመልካው? እናቴን ለመስቀል ያሻገሯት እርስዎ አይደሉም? ውሃው ገና ሳይጎድል!"

"ነኝ" አሉ አባባ። "ያን ዕለት ሪባን ቆርጠን ነበር እንዴ?"

ዘበኛው ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፤ አልቻለም። እሾሁን በጫማው ገፋ አደረገና ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። "እኔ ምንም አላየሁም" አለ ለወንዙ።

እናቴ ገባች። ሮጣ ነው የገባችው። እኔም ተከተልኳት፤ መሐል ስደርስ ግን እግሬ እምቢ አለኝ። ከታች ውሃው ያው የኛ ውሃ ነው፤ ግንዱም ጩኸቱም ያው። ግን እግሬ ደረቅ ነው። ውሃ ላይ ሆኜ እግሬ ደርቆ አያውቅም። ድልድዩ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ርብራብ ላይ ስትሆኑ ከሥራችሁ ይወዛወዛል፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሕይወት አለው። ይህ ግን ምንም አይልም። ድልድዩ የሞተ መሰለኝ። የሞተ ነገር ደግሞ ውሃው ይወስደዋል፤ አይቼ አውቃለሁ። ቁጭ አልኩ።

እናቴ ማዶ ደርሳ ስትዞር አየችኝ። "ነይ!" አለችኝ። አልተነሳሁም። ልትመለስ አንድ እግሯን አነሳች። ያኔ ከዚህ ወገን የአባባ ድምፅ መጣ፦

"አንቺ ሂጂ! እኔ አለሁላት!"

ዞር ብዬ አየኋቸው። ድልድዩ አፍ ላይ ቆመዋል። ጎንበስ አሉና ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቀለሉ፤ ልክ ወደ ውሃ ሊገቡ ሲሉ እንደሚያደርጉት። አማተቡ። ከዚያ አንድ እግራቸውን አስገቡ፣ ቆይተው ሁለተኛውን። እየረገጡ የሚመጡት ጥልቀቱን እንደሚለካ ሰው ነበር። ዘበኛው እንኳ ወንዙን ማየት ትቶ እሳቸውን ያይ ነበር።

እኔ ጋ ሲደርሱ አልተቆጡኝም፤ አላነሱኝም። አጠገቤ ተንበረከኩና ያንን የደነደነ ጉንጫቸውን ሲሚንቶው ላይ ለጠፉት። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

"አይተነፍስም" አሉኝ። "አንቺም እዪው።"

ጉንጬን ለጠፍኩ። ይሞቃል፤ ፀሐይ መትታዋለች። ምንም ቀዝቃዛ ነገር የለም።

"አይተነፍስም" አልኩ።

"እንግዲያው ነይ።"

እጄን ይዘው አሻገሩኝ። ማዶ እናቴ ሳትሄድ ቆማ ጠብቃናለች። ወደተጠቀለለው ሱሪ አየች፤ ወደ እግራቸው አየች። ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያ ሦስታችንም ቁልቁል ሄድን።

ታደለች ቤት ስንደርስ ፀሐይ ታዘቀዝቅ ነበር። እናቴ ገባች። እኔና አባባ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ውስጥ ሴቶች "ማርያም ማርያም" ይላሉ። አባባ አቁማዳቸውን ከጀርባቸው አውርደው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል።

"አባባ፣ ይሄን ለምን ይዘው መጡ?"

"ዘበኛው እምቢ ቢልስ?" አሉኝ።

በዚያ ዕድሜዬ አልገባኝም። አቁማዳውን ለዘበኛው ሊሰጡት መሰለኝ።

ብዙ ቆየን። በሬዎች ገቡ፤ ጥጆች ታሰሩ። ከዚያ እንደ ድመት ያለ ቀጭን ድምፅ ከውስጥ መጣ፣ ቀጥሎም እልልታ፣ ለሴት ልጅ የሚባለውን ያህል። እናቴ ብቅ ብላ "ሁለቱም ደህና ናቸው" አለች። ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። አባባ የአቁማዳውን ጠፍር ፈቱ። ትንፋሹ በረጅሙ ወጣ፤ አቁማዳው ጉልበታቸው ላይ ቀስ እያለ ጠፍ አለ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ይመኙሻል፣ ያቺ ድመት አንቺ ነሽ።

እናቴ አራሷን ልትንከባከብ እዚያው ቀረች። እኔና አባባ ተመለስን፤ በድልድዩ ነው የተመለስነው፣ ሱሪያቸውን አሁንም ጠቅልለው። መንደር እንደደረሱ ሰውን ሾላው ሥር ጠሩ።

"ረግጬዋለሁ" አሉ።

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ማን ይናገራል? ጓንጉል ነው እንግዲህ።

"ታዲያ ግዝቱስ አባባ? ቀብርዎ ላይ መቆም የለብዎትም ማለት ነው?"

"የለብኝም" አሉ አባባ። "ምን ቸገረኝ፣ ተኝቼ እመጣለሁ።"

ሳቁ። ጓንጉል እየሳቀ እያለ ፊቱን ወደ ሾላው ግንድ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ብዙ የሳቀ መሰለኝ። አባባም ሳቁ ሲበርድ ቃላቸውን አነሱ። "ግዝቱ ተፈትቷል። በእግዜር ፈቃድ ሂዱበት" አሉ። በዚያች ዕለት ጠሪ መልካ እንዳለቀ ያወቁት ትልልቆቹ ናቸው፤ እኔ ቀልድ መስሎኝ አጨበጨብኩ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ጎጆዎች መፍረስ ጀመሩ። የቤት እንጨት በአህያ እየተጫነ ወደ ድልድዩ ወጣ፤ እዚያ ሻይ ቤት ተከፈተ፣ ገበያ ቆመ። ጓንጉልም እዚያ ወጣና ለሹፌሮች ጠላ እየሸጠ ይቀልድባቸው ነበር። አቁማዳዎቹ እህል መያዣ ሆኑ፤ በእሾህና በሰም የደፈንኳቸው ጤፍ ያፈሱ ነበር። አባባ አልሄዱም። እኔም እናቴም አብረናቸው ቆየን። ጠዋት ጠዋት ሾላው ሥር ወጥተው ይቀመጣሉ፤ ማንም አይጠራም። "ምን እየጠበቁ ነው አባባ?" ስላቸው፣ "ምንም። የለመድኩት ሥራ ነው" ይሉኝ ነበር።

የሞቱት በመጋቢት ነው። ውሃው ከጉልበት በታች ሆኖ፣ ድንጋዩ ሁሉ ወጥቶ። ድልድዩ ጋ የወጣው ሰው ሁሉ ወርዶ መጣ፤ ዘበኛውም መጣ። ሬሳውን ተሸክመው በእግራቸው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ በመልካው ተሻገሩ። ርብራብ አላስፈለገም፤ ድልድይም አላስፈለገም። ቀብራቸው ላይ ያልቆመ አልነበረም።

አሁን እኔ ከኦክላንድ ሳን ፍራንሲስኮ ስሄድ ባቡሩ ከባሕሩ ሥር ነው የሚያልፈው። መጀመሪያ ጊዜ ሜሮን ስትነግረኝ መስኮቱ ላይ ጉንጬን ለጥፌ ነበር፤ ልጅቷ "ግራንድማ፣ ዶንት፣ ኢትስ ደርቲ" አለችኝ። የኛ ድልድይ ግን እስከ ዛሬ አለ ትለኛለች ይመኙሻል። ከባድ መኪና ያልፍበታል። መልካው ጋ የቀረው ሾላው ብቻ ነው፤ ከብቶች ያርፉበታል።

ያን ቀን ደረጀ የፍራሹን ቀዳዳ በማጣበቂያ ደፈነውና ሪተርን ማድረጉን ተወው። ማታ ሜሮን አንሶላውን አንጥፋ ስትጨርስ ይመኙሻል ቆማ ፍራሹን በጥርጣሬ ታየዋለች።

"እትዬ ዘነቡ፣ እንግዲህ ወገቤ በአንቺ ነው። ይተነፍሳል?"

ሜሮን ቀደመችኝ። ሳልጠራት ተንበርክካ ጉንጯን ስፌቱ ላይ ለጠፈች። ዓይኗን ጨፈነች። ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ በአማርኛ፣ ያውም በራሷ አፍ፣ "አይተነፍስም" አለች።

"እንግዲያው ተኚ" አልኳት ይመኙሻልን።